የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ማንን ያስገድዳል?

ባለፉት ወራት ለዚህ ዐምድ ከደረሱት ደብዳቤዎች ብዙዎቹ የአውሮፓ ኅብረት ስለ ስልክ አገልግሎት፣ ስለ ግል መረጃ ጥበቃና ስለ ኩባንያዎች የአካባቢና የማኅበራዊ ኃላፊነት ያወጣቸውን ሕጎች የሚመለከቱ ናቸው። ጸሐፊዎቹ በተለያየ አገር የሚኖሩ፣ በተለያየ ሥራ የተሰማሩ ቢሆኑም አብዛኞቹ የሚያነሡት ቅሬታ አንድ ነው፤ ሕጉ በአንድ ትልቅ ኩባንያ ላይ የጣለው ግዴታ ደረጃ በደረጃ ወደ ታች ወርዶ እነርሱ ላይ አርፏል፣ የሰጣቸውን መብት ግን የነገራቸው የለም። ስለዚህ በእያንዳንዱ መልስ አስቀድሜ ለመለየት የሞከርሁት ግዴታው የማን እንደሆነ ነው። ከስቶክሆልም የመጣው ደብዳቤ ብቻ ከዚህ ይለያል፤ በዚያ ጉዳይ ባለግዴታው ጠያቂው ያለበት ማኅበር ራሱ ነው። በእኛ አቆጣጠር ብዬ ካልጠቀስሁ በቀር ቀኖቹና ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ከፍራንክፈርት፣ ጀርመን

*«ለእናቴ ተዝካር አዲስ አበባ ሁለት ሳምንት ስቆይ የጀርመን ሲም ካርዴን ከስልኬ አላወጣሁም ነበር። ስመለስ ከ300 ዩሮ በላይ የሮሚንግ ሒሳብ መጣብኝ። በአውሮፓ ሮሚንግ ቀርቷል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ኩባንያው ግን ሕጉ ኢትዮጵያን አይመለከትም አለኝ። ከመክፈል ሌላ ምርጫ የለኝም?»*

እናትዎን ነፍስ ይማርልን። ኩባንያው የነገረዎት እውነት ነው፤ ነገር ግን እውነቱን በሙሉ አልነገረዎትም።

ተጨማሪ የሮሚንግ ክፍያ፣ ማለትም የአገርን ሲም ካርድ በሌላ አገር ኔትወርክ በመጠቀም የሚጨመረው ክፍያ፣ የቀረው ከሰኔ 15 ቀን 2017 ጀምሮ ሲሆን፣ በ2022 የታደሰው ደንብ እስከ ሰኔ 2032 መጨረሻ ይጸናል። የሚሠራው በ27ቱ የኅብረቱ አባል አገሮች፣ በኖርዌይ፣ በአይስላንድና በሊክተንስታይን ነው፤ ከጥር 1 ቀን 2026 ጀምሮ ዩክሬንና ሞልዶቫም ተጨምረዋል። ስዊዘርላንድና ብሪታንያ በዚህ ውስጥ የሉም፤ ስለዚህ ለአንድ ቀን ወደ ባዝል ወይም ወደ ለንደን የሚሻገር ሰው ውሉን አስቀድሞ ማየት አለበት። ኢትዮጵያም የለችበትም፤ በዚህ ላይ ክርክር ማንሣት አይቻልም።

ይሁን እንጂ በዚያው ደንብ ውስጥ ብዙ ደንበኛ የማያውቀው ሌላ ጥበቃ አለ። ደንበኛው ሌላ ጣሪያ ካልመረጠ በቀር፣ የሮሚንግ ዳታ ሒሳቡ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሳይጨመር በወር 50 ዩሮ ሲደርስ ኩባንያው ዳታውን እንዲያቋርጥ ይገደዳል፤ ከጣሪያው 80 በመቶ ሲደርስም ማስጠንቀቂያ ይልካል። ደንበኛው ይቀጥልልኝ ብሎ በግልጽ ካልተስማማ ከዚያ በላይ ማስከፈል አይቻልም። ይህ ጥበቃ ከኅብረቱ ውጭ ለሚደረግ ጉዞም ይሠራል። ከኅብረቱ ውጭ ጥበቃው የሚቀረው የተጎበኘው አገር ኔትወርክ የደንበኛውን አጠቃቀም በወቅቱ ለመከታተል የማያስችል ሲሆን ነው፤ በዚያ ጊዜም ኩባንያው ደንበኛው አገሩ እንደገባ ጥበቃው እንደማይሠራ በነጻ መልእክት የማሳወቅ ግዴታ አለበት።

ስለዚህ ለኩባንያው በጽሑፍ የሚጠይቁት ይህን ነው፦ ከሒሳቡ ውስጥ ምን ያህሉ የዳታ፣ ምን ያህሉ የድምፅ ጥሪ ነው? (የ50 ዩሮው ጣሪያ የሚመለከተው ዳታን ብቻ ነውና።) የዳታው ሒሳብ 50 ዩሮ ሲደርስ ለምን አልተቋረጠም? ኔትወርኩ መከታተል አያስችልም የሚል መልስ ከሰጡ ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርሱ የላኩልዎት መልእክት የታለ? በጀርመን ሕግ የስልክ ሒሳብን ለመቃወም ቢያንስ የ8 ሳምንት ጊዜ አለዎት፤ ጊዜው የሚቆጠረው ሒሳቡ ከደረሰዎት ቀን ጀምሮ ነው። መልሱ ካላረካዎት ቡንደስኔትስአጌንቱር በተባለው የጀርመን የኔትወርክ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ውስጥ ያለውን የሽምግልና ክፍል መጠየቅ ይችላሉ።

በዚህ አጋጣሚ፣ ከጀርመን ወደ ኢትዮጵያ የሚደረግ ጥሪ ለምን ውድ ሆነ ብለው ለጻፉልን፦ በደቂቃ ከ19 ሳንቲም አይብለጥ የሚለው ጣሪያ የወጣው ከአንድ የኅብረቱ አገር ወደ ሌላው ለሚደወል ጥሪ ብቻ ነው፤ ወደ አገር ቤት የሚደረገውን ጥሪ አይሸፍንም።

ከቪየና፣ ኦስትሪያ

*«ከባለቤቴ ጋር ለመኖር ወደ ቪየና ከመጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። የስልክ ውል ልፈርም ሱቅ ስገባ ሠራተኛዋ መረጃዬን ኮምፒውተር ላይ ካስገባች በኋላ ‹ሲስተሙ አልተቀበለዎትም› አለችኝ። ደሞዝ አለኝ፣ ዕዳ የለብኝም። ምክንያቱን የሚነግረኝ ግን አጣሁ።»*

የእርስዎን የሚመስል ጉዳይ ከዚያው ከኦስትሪያ ተነሥቶ ሉክሰምበርግ ከሚገኘው የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ደርሷል። አንዲት ሴት በወር 10 ዩሮ የሚከፈልበት የስልክ ውል ልትገባ ጠይቃ፣ የመክፈል አቅሟን በኮምፒውተር የሚገምት ድርጅት በሰጠው ነጥብ ምክንያት ተከለከለች። ድርጅቱ ነጥቡን እንዴት እንዳወጣው ስትጠይቅ የንግድ ምሥጢር ነው ተባለች። ፍርድ ቤቱ የካቲት 27 ቀን 2025 በሰጠው ውሳኔ፣ ድርጅቱ የትኞቹን የግል መረጃዎቿን በምን አኳኋን እንደተጠቀመባቸው ሊገባት በሚችል ቋንቋ የማስረዳት ግዴታ አለበት ብሏል። ውስብስብ የሒሳብ ቀመር አውጥቶ መስጠት እንደ ማስረዳት አይቆጠርም፤ የንግድ ምሥጢር አለ ከተባለም ምሥጢሩ ለተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ወይም ለፍርድ ቤት ቀርቦ ይመዘናል እንጂ ድርጅቱ በራሱ ፈቃድ ዝም ሊል አይችልም። ከዚያ በፊትም በታኅሣሥ 2023፣ ሹፋ የተባለውን የጀርመን የብድር መረጃ ድርጅት በሚመለከት ጉዳይ፣ ሌሎች ውል ለመስጠትና ለመከልከል በዋናነት የሚመረኮዙበት ነጥብ ራሱ በማሽን የተሰጠ ውሳኔ ተደርጎ እንደሚቆጠር ተፈርዷል።

እንግዲህ በእጅዎ ያለው መብት ከአጠቃላዩ የመረጃ ጥበቃ ደንብ፣ በተለምዶ ጂዲፒአር ከሚባለው፣ የሚመነጭ ነው። ለስልክ ኩባንያው አንድ ደብዳቤ ጽፈው ውሳኔው በማሽን ብቻ የተሰጠ መሆኑን፣ ነጥቡንም ከየትኛው ድርጅት እንዳገኙት ይጠይቁ፤ ጉዳዩን ሰው እንደገና እንዲያየውም ያመልክቱ። ስሙ ለተነገረዎት ድርጅት ደግሞ በአንቀጽ 15 መሠረት ስለ እርስዎ የያዘውን መረጃ በሙሉና ነጥቡ የወጣበትን መንገድ እንዲሰጥዎት ይጻፉ። መልሱ በአንድ ወር ውስጥ፣ ያለ ክፍያ መድረስ አለበት፤ ጉዳዩ ውስብስብ ከሆነ ምክንያቱን ነግረው ሁለት ወር ሊጨምሩ ይችላሉ።

መልሱ ሲመጣ በተለይ ስምዎንና የልደት ቀንዎን ይመልከቱ። የእኛ ሰው በአባት ስም ስለሚጠራ፣ ያው ስም በአንዱ መዝገብ የቤተሰብ ስም፣ በሌላው መካከለኛ ስም ሆኖ ይገባል፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍም ከፓስፖርት ፓስፖርት ይለያያል። የልደት ቀን ከእኛ አቆጣጠር ሲገለበጥ የተሳሳተባቸው፣ ወይም ቀኑ ስላልታወቀ ብቻ ጥር 1 ተብሎ የተጻፈላቸው ወገኖቻችን ጥቂት አይደሉም። እንዲህ ሲሆን ማሽኑ አንዱን ሰው ሁለት አድርጎ ይቆጥራል፤ ወይም ምንም ታሪክ የሌለው ሰው ያደርገዋል። በአንቀጽ 16 መሠረት ስሕተቱ ሳይውል ሳያድር እንዲታረም የማድረግ መብት አለዎት። ሕጉ ግን ኩባንያውን ውል እንዲሰጥዎት አያስገድደውም፤ የሚያስገድደው እንዲያስረዳና እንዲያርም ነው። መልስ ከነፈጉዎት አቤቱታዎን እዚያው ቪየና ለሚገኘው የኦስትሪያ የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን ያቀርባሉ፤ አቤቱታው ክፍያ የለውም።

ከስቶክሆልም፣ ስዊድን

*«በቤተ ክርስቲያናችን የሰበካ ጉባኤ ጸሐፊ ሆኜ አገለግላለሁ። የምእመናኑን ስም፣ ስልክ፣ የቤተሰብ ብዛትና የወርኃዊ አስተዋጽኦ ሁኔታ የያዘውን መዝገብ በየሦስት ወሩ በቴሌግራም ግሩፓችን እንለጥፋለን፤ ዓላማችን ግልጽነት ነው። በቅርቡ አንድ ምእመን ስሙ እንዲወጣ፣ ስለ እርሱ የያዝነውም ሁሉ እንዲሰጠው በጽሑፍ ጠየቀ። አባቶች ግን ‹እኛ ንግድ ቤት አይደለንም፣ ሕጉ አይመለከተንም› ይላሉ። እውነት ነው?»*

በታላቅ አክብሮት፣ አባቶች በዚህ ላይ ትክክል አይደሉም። ሕጉ የማይነካው አንድ ሰው ለግሉና ለቤተሰቡ ጉዳይ ብቻ የሚይዘውን መረጃ ነው፤ በስልክዎ ያለው የዘመድ አዝማድ ቁጥር እንደዚያ ነው። የማኅበር መዝገብ ግን የቤተሰብ ጉዳይ አይደለም፤ ማኅበሩ ትርፍ አለማግኘቱም ነገሩን አይለውጠውም።

የሚገርመው ነገር፣ ይህን ነጥብ በአውሮፓ ደረጃ ለመጀመሪያ ጊዜ ግልጽ ያደረገው ክስ የተነሣው ከስዊድን ቤተ ክርስቲያን ነው። አንዲት የአጥቢያ አገልጋይ ኮንፈርሜሽን ለተባለው የእምነት ማጽኛ ሥርዓት ለሚዘጋጁ ምእመናን መረጃ ለመስጠት ብላ ባዘጋጀችው ድረ ገጽ ላይ የሥራ ባልደረቦቿን ስም፣ የአንዳንዶቹን ስልክ ቁጥር፣ የአንዷንም እግሯን መታመምና በሕመም ምክንያት ግማሽ ቀን ብቻ መሥራቷን ጻፈች። ነገሩ በቅን ልቡና የተደረገ ነበር። የሉክሰምበርጉ ፍርድ ቤት በኅዳር 2003 በሰጠው ትርጓሜ ግን ማንም ሊያየው በሚችል ገጽ ላይ የወጣ ጽሑፍ የቤተሰብ ጉዳይ ሊባል እንደማይችል፣ የእግሩ ነገርም የጤና መረጃ እንደሆነ አስታወቀ። በሐምሌ 2018 ደግሞ ከፊንላንድ በመጣ ጉዳይ፣ የይሖዋ ምሥክሮች ቤት ለቤት ሲሰብኩ ስለሚያገኟቸው ሰዎች የሚይዙት ማስታወሻ በሕጉ ሥር እንደሚወድቅ፣ የሃይማኖት ማኅበሩም ከሰባኪዎቹ ጋር ባለግዴታ እንደሆነ ወሰነ። ያኔ ይሠራ የነበረው ቀደም ያለው ሕግ ነው፤ ጂዲፒአር ከግንቦት 2018 ወዲህ ጥበቃውን አጠበቀው እንጂ አላላላውም።

የእናንተ መዝገብ ደግሞ ከተራ መዝገብ ይለያል። የአንድ ሰው ስም በቤተ ክርስቲያን መዝገብ ውስጥ መገኘቱ ብቻ ሃይማኖቱን ይናገራል። ሃይማኖት፣ ብሔር፣ የፖለቲካ አመለካከትና ጤና ደግሞ ሕጉ ልዩ ጥበቃ ያደረገላቸው የመረጃ ዓይነቶች ናቸው። ይህ በወረቀት ላይ ያለ ሥጋት ብቻ አይደለም። በውጭ ባለው ማኅበረሰባችን ውስጥ የጥገኝነት ጉዳዩ ያላለቀለት፣ አገር ቤት ያለው ቤተሰቡ እንዳይጎዳ የሚሰጋ፣ ከትዳር ጥቃት ሸሽታ አድራሻዋን የደበቀች ሰው አለ፤ በአገር ቤት አለመግባባት ምክንያት አብያተ ክርስቲያናት የተከፋፈሉባቸው ከተሞችም አሉ። ማን የየትኛው አጥቢያ አባል እንደሆነ፣ ከእነ ስልኩና ከእነ ልጆቹ ቁጥር፣ በብዙ መቶ ሰው እጅ ሲገባ ከዚያ በኋላ የሚመልሰው የለም። በግሩፑ ውስጥ ያለው ሁሉ አባል ስለመሆኑስ ማን ያረጋግጣል? አስተዋጽኦ ያልከፈለ ሰው ችግሩ ሥራ ማጣት ወይም ሕመም ሊሆን ይችላል፤ ስሙን ከባለዕዳዎች ጋር መለጠፍ ግልጽነት ሊባል አይገባም ባይ ነኝ። ግልጽ መሆን ያለበት የገንዘቡ ድምርና ወጪው ነው።

ሕጉ መዝገብ አትያዙ አላለም። ለሃይማኖታዊ ዓላማ የቆሙ፣ ለትርፍ ያልተቋቋሙ ማኅበራት የአባሎቻቸውንና ዘወትር የሚገናኟቸውን ሰዎች መረጃ ለዓላማቸው እንዲይዙ ይፈቅዳል፤ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ግን ከማኅበሩ ውጭ እንዳይወጣ፣ ከሚያስፈልገው በላይም እንዳይሰበሰብ ይከለክላል። ስለዚህ መጀመሪያ የተለጠፉትን መዝገቦች ሁሉ ከግሩፑ ያውርዱ። መዝገቡን ጸሐፊውና ሒሳብ ሹሙ ብቻ በሚያዩት ቦታ ያኑሩ፤ እያንዳንዱ ምእመን የራሱን ሒሳብ ለብቻው ይነገረው። በአባልነት ቅጹ ላይ እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር ይግባበት፦ «ይህ መረጃ ለአባልነት ምዝገባና ለአስተዋጽኦ ሒሳብ ብቻ ይውላል፤ ጸሐፊውና ሒሳብ ሹሙ ብቻ ያዩታል፤ በማንኛውም ጊዜ ለማየት፣ ለማሳረምና ለማስወጣት በጽሑፍ መጠየቅ ይቻላል።» በጥምቀትና በሠርግ የሚነሡ ፎቶዎችን፣ በተለይ የሕፃናትን፣ ወላጅ ሳይጠየቅ አለመለጠፍ ነው።

ለጠያቂው ምእመን ጥያቄው ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በአንድ ወር ውስጥ መልስ መስጠት ግዴታችሁ ነው። ስለ እርሱ ያላችሁን ሁሉ ቅጂ ይስጡት፤ ከአባላት መዝገብም ያውጡት። ሌላ ሕግ እንዲቀመጥ የሚያስገድደው የክፍያ ሰነድ ካለ እርሱ ብቻ ሊቆይ ይችላል፤ ምን እንደቀረና ለምን እንደቀረም በደብዳቤው ይገለጽለት። ደብዳቤውን ሲጽፉለት ይቅርታ የሚል ቃል ቢጨምሩበት አቤቱታው ወደ ስዊድን የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን ከመሄዱ በፊት እዚያው ሊያልቅ ይችላል ብዬ አምናለሁ።

ከባቱ፣ ምሥራቅ ሸዋ

*«በአንድ የአበባ እርሻ የሰው ኃይል ክፍል ኃላፊ ነኝ። ኔዘርላንድስ ያለው ገዥያችን ረጅም የጥያቄ ቅጽ ልኮ ‹አዲሱ የአውሮፓ ሕግ ያስገድዳችኋል፣ በሁለት ሳምንት ሞልታችሁ ፈርሙ› ይለናል። ያስገድደናል?»*

በቀጥታ አያስገድዳችሁም። በ2024 የወጣው የኩባንያዎች የጥንቃቄ ግዴታ መመሪያ ትልልቅ ኩባንያዎች በአቅርቦት ሰንሰለታቸው ውስጥ ያለውን የሰብአዊ መብትና የአካባቢ ጉዳት እንዲለዩና እንዲከላከሉ የሚያዝ ነው። ለእንዲህ ያሉ ሕጎች መነሻ ከሆኑት አደጋዎች ዋነኛው በ2013 በባንግላዴሽ ከ1,100 በላይ የልብስ ስፌት ሠራተኞች የሞቱበት የራና ፕላዛ ሕንፃ መደርመስ ነው። ነገር ግን የኅብረቱ ሕግ አውጪዎች በታኅሣሥ 2025 በደረሱበት ስምምነት የመመሪያውን ወሰን እጅግ አጥብበውታል፤ የሚመለከተው ከ5,000 በላይ ሠራተኞችና ከ1.5 ቢሊዮን ዩሮ በላይ ዓመታዊ ሽያጭ ያላቸውን የኅብረቱን ኩባንያዎች ሲሆን፣ ተፈጻሚ የሚሆነውም ከሐምሌ 2029 ጀምሮ ነው። ገዥያችሁ ከዚህ መጠን በታች ከሆነ እርሱን ራሱን አያስገድደውም ማለት ነው። መጥበቡ እኔን አላስደሰተኝም፤ ከሕጉ ይጠቀማሉ ከተባሉት ሠራተኞች ብዙዎቹ ከጥበቃው ውጭ ቀርተዋልና።

የሚያስገድዳችሁ ግን ፊርማችሁ ነው። በቅጹ መጨረሻ «ለሚደርሰው ጉዳት ሁሉ ሙሉ ኃላፊነት እንወስዳለን» የሚል ሐረግ ካለ፣ ሕጉ በገዥው ላይ የጣለውን ሸክም በውል ወደ እናንተ እያዛወረ ነውና በጠበቃ ሳይታይ አይፈረም። መመሪያው ኩባንያዎቹ የራሳቸውን የግዢ አሠራር፣ ማለትም ዋጋና የማድረሻ ጊዜ የሚወስኑበትን መንገድ ጭምር እንዲያስተካክሉ ይጠይቃል፤ ቅጹን ስትመልሱ ይህን አብራችሁ አንሡ። የሠራተኞችን ስም፣ የሕክምና ማስረጃና ደሞዝ በዝርዝር እንድትልኩ ከተጠየቃችሁ ደግሞ ድምሩን ብቻ ላኩ፤ በእኛ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የግል ዳታ ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 1321 ድርጅታችሁንም ይገዛል።

ከቦንጋ፣ ካፋ ዞን

*«በአንድ የቡና ገበሬዎች መሠረታዊ ማኅበር በሒሳብ ሥራ እሠራለሁ። ዘንድሮ ከላኪ ድርጅት የመጡ ልጆች ታብሌት ይዘው የአባላቱን ማሳ እየዞሩ መዘገቡ። ገበሬው ሦስት ነገር እየጠየቀኝ መልስ አጣሁለት። መሬታችንን ሊወስዱብን ነው ወይ? ከደን ሥር የምንለቅመው ቡናስ ተከለከለ ወይ? ሕጉ ሁለት ጊዜ ተራዝሟልና ጭራሽ ይቀራል የሚሉትስ እውነት ነው ወይ?»*

ከመጨረሻው ልጀምር። የደን ጭፍጨፋን የሚከለክለው የአውሮፓ ደንብ የወጣው በ2023 ሲሆን፣ በ2024 መጨረሻ ሥራ ላይ ሊውል ታስቦ መጀመሪያ በአንድ ዓመት፣ ኋላም በታኅሣሥ 2025 በሌላ አንድ ዓመት ተራዝሟል። አሁን በተያዘለት ቀን መሠረት ለትልልቅና ለመካከለኛ አስመጪዎች ከታኅሣሥ 30 ቀን 2026፣ ለአነስተኞቹ ደግሞ ከሰኔ 30 ቀን 2027 ጀምሮ ይጸናል፤ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 21 እና ሰኔ 23 ቀን 2019 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ተራዘመ እንጂ አልተሻረም። በ2019 ዓ.ም. መኸር ተለቅሞ፣ ተዘጋጅቶና ጅቡቲ ወርዶ አውሮፓ የሚደርሰው ቡና በአብዛኛው ከዚያ ቀን በኋላ ስለሚሆን፣ ይቀራል ብሎ መቀመጥ አባላቱን የሚጎዳ ይመስለኛል።

መሬታችንን ሊወስዱ ነው ወይ ለሚለው፦ ደንቡ በመሬት ላይ ለማንም ምንም መብት አይሰጥም። የሚለው ቡና፣ ካካዎ፣ ጎማ፣ የዘንባባ ዘይት፣ አኩሪ አተር፣ እንጨትና የቀንድ ከብት እንዲሁም ከእነርሱ የሚሠሩ የተዘረዘሩ ምርቶች ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 ወዲህ ደን ተመንጥሮ በተገኘ መሬት ላይ የተመረቱ ከሆነ ኅብረቱ ውስጥ አይሸጡም ነው። በእኛ አቆጣጠር ቀኑ ታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። ይህን የማረጋገጥ ግዴታ ያለበት ቡናውን አውሮፓ የሚያስገባው ነጋዴ ነው፤ መግለጫውን የሚያስገባውም፣ ሐሰት ቢገኝበት የሚቀጣውም እርሱ ነው። በመግለጫው ውስጥ ቡናው የበቀለበትን እያንዳንዱን ማሳ መገኛ መጥቀስ ስላለበት ነው ታብሌት የያዙት ልጆች የመጡት።

ከ4 ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል፤ የማሳውን ዙሪያ መዞር የሚያስፈልገው ከዚያ ሲበልጥ ነው። የአብዛኛው አባላችሁ ይዞታ ከዚህ እጅግ ያነሰ ስለሚሆን አንድ ነጥብ ብቻ ይመዘገባል። ነጥቡ ኬክሮስና ኬንትሮስ ሲሆን እያንዳንዱ ቁጥር ከአስርዮሽ ነጥቡ በኋላ ስድስት አኃዝ ሊኖረው ይገባል። መዝገቡ ሲመጣላችሁ ይህን እዩ፦ 7.26 ብሎ ያቆመ ቁጥር ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ሊሳሳት ስለሚችል ከጎረቤት ቀበሌ ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ ስድስት አኃዝ ያለው ግን በወረቀት ደረጃ እስከ 11 ሳንቲ ሜትር ይለያል። የሁለት አባላት ነጥብ አንድ ዓይነት ሆኖ ካገኛችሁት፣ መዝጋቢው በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ቆሞ የሁለቱን ሞልቷል ማለት ነውና መልሳችሁ አስመዝግቡ።

የደን ቡናው ጥያቄ ሰፋ ያለ ነው። ደንቡ ደን የሚለው ከግማሽ ሄክታር የሚሰፋ፣ ከ5 ሜትር በላይ የሚያድጉ ዛፎች ያሉበት፣ የቅርንጫፉ ሽፋን ከ10 በመቶ የሚበልጥ፣ በዋናነት ለእርሻ የማይውል መሬት ነው። ወንጀሉ ይህን ደን ወደ እርሻ መለወጥ ነው። በካፋ እንደ አባት አደሩ ከደኑ ሥር የበቀለውን ቡና እየለቀመ፣ ደኑን እንደ ደን የሚተው ገበሬ ደን አልመነጠረም፤ ቡናውም አልተከለከለም። ትልልቆቹን ዛፎች አውጥቶ፣ ሥሩን መንጥሮ ችግኝ እየደረደረ ደኑን ከ2013 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወዲህ የቡና እርሻ ያደረገው ሰው ግን ምርቱ አያልፍም። የጓሮ ቡናና ከዚያ ቀን በፊትም እርሻ የነበረው በጥላ ዛፍ ሥር ያለ ቡና ደግሞ የእርሻ መሬት እንጂ ደን አይደሉም።

አስቸጋሪው ነገር ይህን ከሰማይ ሆኖ መለየት ነው። ሳተላይት በጥላ ዛፍ የተሸፈነን የቡና ማሳ ደን ብሎ ሊያነብ ይችላል፤ ገበሬው ያረጀ ቡናውን ሲጎነድል ወይም የጥላ ዛፍ ሲያሳሳ ደግሞ ደን ተመነጠረ ብሎ ሊያሳይ ይችላል። የኅብረቱ የምርምር ማዕከል ያዘጋጀው የ2020 የደን ካርታ ጠቋሚ እንጂ በሕግ የሚያስገድድ አይደለም፤ ስለዚህ ካርታው የተሳሳተበት ገበሬ በማስረጃ ሊያስተባብለው ይችላል። ጉንደላ ከመደረጉ በፊትና ከተደረገ በኋላ ቀን ያለው ፎቶ ማንሣት፣ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩን ቅጂና ማሳው ከመቼ ጀምሮ ቡና እንደነበረ የሚገልጽ የቀበሌ ወይም የልማት ሠራተኛ ደብዳቤ በማኅበሩ ፋይል ማኖር ይገባል። ደንቡ ምርቱ በአገሩ ሕግ መሠረት የተመረተ እንዲሆንም ስለሚጠይቅ፣ በአሳታፊ የደን አስተዳደር የተደራጁ አባላት ካሏችሁ የስምምነት ሰነዳቸው ከሁሉ በፊት ይፈለጋል።

ሌላው ብርቱ ጉዳይ መቀላቀል ነው። የብዙ መቶ ገበሬ እሸት በአንድ ቀን በአንድ ማጠቢያ ጣቢያ መግባቱ አይከለከልም፤ የሁሉም ማሳ በመግለጫው እስከተዘረዘረ ድረስ። ያልተመዘገበ ማሳ እሸት ከገባበት ግን፣ ለይቶ ማውጣት ስለማይቻል፣ አብሮ የተዘጋጀው የዚያ ዙር ቡና በሙሉ ይወድቃል። በአንድ ሰብሳቢ ጆንያ ምክንያት የመላው አባል ድካም እንዳይቀር፣ የመረከቢያ ደረሰኙ የገበሬውን ስም ብቻ ሳይሆን የማሳውን መለያ ቁጥርም እንዲይዝ አድርጉ። ይህ በእርስዎ የሒሳብ ሥራ ውስጥ ያለ በመሆኑ ከማንም በፊት ሊጀምሩት ይችላሉ።

በመጨረሻም ልጆቹ የወሰዱት መረጃ። ስምና የማሳ መገኛ አንድ ላይ ሲሆኑ የግል ዳታ ናቸው። በዐዋጅ ቁጥር 1321 መሠረት ገበሬው መረጃው ለምን እንደተወሰደ የማወቅና የማየት መብት አለው፤ ዐዋጁን የሚያስፈጽመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። እኔን ከሁሉ ያሳሰበኝ ግን መዝገቡ በላኪው እጅ ብቻ መቅረቱ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ገዥ የተሻለ ዋጋ ቢያቀርብ፣ የማሳው መገኛ የሌለው ማኅበር ቡናውን ለዚያ ገዥ ማቅረብ አይችልም፤ ገበሬው በራሱ መሬት መረጃ ምክንያት ለአንድ ላኪ ታስሮ ይቀራል። ስለዚህ ለላኪው በማኅበሩ ማኅተም ደብዳቤ ጽፋችሁ የአባላቱ መዝገብ ሙሉ ቅጂ፣ በኮምፒውተር በሚከፈት ፋይል እንዲሰጣችሁ፣ መረጃውንም ከቡናው ሽያጭ ውጭ ለሌላ ጉዳይ እንደማያውለው በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ ጠይቁ። ቅጂውን ለዩኒየናችሁና ለወረዳው የቡናና ሻይ ጽሕፈት ቤትም አስቀምጡ። ይህ መኸሩ ከመግባቱና የውል ጊዜው ከመድረሱ በፊት ቢያልቅ መልካም ነው፤ ላኪው የእናንተን ቡና በሚፈልግበት ወቅት መዝገቡን አልሰጥም ለማለት ይቸገራል።